ስለ ለገሀርና ስለ ከዚራ፤ የሥራ ሰፈር የማዕድ ሰፈር በሆነ ጊዜ

ከተማን የሚያቆመው ሥራ ነው፤ ሥራው በቀረ ጊዜ ግን ከተማው ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በዘመናችን በብዙ አገር ይጠየቃል። ፋብሪካው ተዘግቶ፥ ጭሱ ጠፍቶ፥ የመዶሻው ድምፅ ዝም ካለ በኋላ ግንቡ ብቻ ይቀራል። ያን ግንብ አንዳንዱ አፍርሶ ሌላ ይሠራበታል፤ አንዳንዱ ግን አጥቦና አሳምሮ ቡና መጠጫ፥ ምሳ መብያ፥ የጥንት ነገር መመልከቻ ያደርገዋል። ትናንት ሠራተኛ ላቡን ያፈሰሰበት ሰፈር ዛሬ ለእንግዳ ማዕድ የሚቀርብበት ይሆናል። ይህ ለውጥ መልካም ነውን? መልካምስ ከሆነ ለማን ነው? በሀገራችን ይህን ነገር ለመመርመር የምድር ባቡር ሰፈሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ እነርሱም የአዲስ አበባ ለገሀርና የድሬ ዳዋ ከዚራ ናቸው። በገሱባ ወይም በሶዶ ያለ አንባቢ «ባቡር በደጃችን አላለፈም» ብሎ ነገሩን እንደ ሩቅ ወሬ አይቍጠረው፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ነገሩ እርሱንም የሚመለከት ነው።

ዘመኑን በሀገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የውጭ አገሩን ታሪክ ብቻ በአውሮፓ አቈጣጠር እናደርገዋለን።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ማኅበር አቆመና በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ጠረፍ ተጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ፈቃድ ከተሰጠ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ የካዎ ጦና አገር ወላይታ በብርቱ ውጊያ በምኒልክ ጦር ድል ሆነች። ስለዚህ የባቡሩ ታሪክና ወላይታ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛት የገባችበት ታሪክ የአንድ ዘመን ታሪክ ነው። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ወደ ደቡብ ጦር ሲልክ፥ በሌላው እጁ ወደ ባሕር መውጫ መንገድ ይፈልግ ነበረ።

በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ጠረፍ ያለው የሲራራ ነጋዴ ጕዞ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅ ነበረ። በቅሎና ግመል በበረሃው ውስጥ ያልቃሉ፤ ቡናውና ቆዳው፥ ሰሙና የዝሆን ጥርሱ በመንገድ ይዘገያል። ባቡሩ ይህን ሁሉ ያቀልላል ተብሎ ታሰበ። አሳቡ መጀመሪያ ሐዲዱን ሐረር ከተማ ለማግባት ነበረ፤ ነገር ግን ተራራው እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ገንዘቡም ኀይሉም አልበቃም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው በግርጌው በሜዳው መሩት፤ በ1895 ዓ.ም.ም ሐዲዱ እዚያ ደረሰ። ያን ስፍራ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት፤ ኋላ ግን የሕዝቡ ስም አሸነፈና ድሬ ዳዋ ተባለ። እንግዲህ ድሬ ዳዋን የወለዳት ባቡሩ ነው።

የባቡሩ ሰዎች ለራሳቸውና ለሠራተኞቻቸው ከደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ቀጥ ቀጥ ያለ ሰፊ ጐዳና ቀደዱ፥ ዛፍ ተከሉ፥ ሰገነት ያለው ቤት ሠሩ፤ ይህም ከዚራ ነው። በማዶው ደግሞ መጋላ አደገች፤ መንገዷ ጠባብና ጠምዛዛ፥ ገበያዋ ግን ሰፊ ነው። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ ዐማራው፥ ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ነገር ግን በደጋው ዝናም በበዛ ጊዜ በድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ፈጅቷል። በከዚራ በኩል ጣቢያው፥ የባቡሩ ማደሻ ቤት፥ መጋዘኑ ነበረ። በማደሻ ቤቱ ብረት ቀልጦ ይፈስሳል፥ መንኰራኵር ይታረቃል፥ የተሰበረው ሁሉ ይጠገናል። ከፈረንሳይ መለዋወጫ ዕቃ እስኪመጣ መቈየት የማይቻል ስለ ሆነ፥ የድሬ ዳዋ ሠራተኛ የጐደለውን በራሱ እጅ ሠርቶ ማሟላት ተማረ። የባቡሩ ሥራ የሚነገረውና የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፥ ያልተማረው የብረት ሠራተኛ እንኳ የዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ ያውቅ ነበረ።

ከድሬ ዳዋ በኋላ ግን ሥራው ብዙ ዓመት ቆመ። ማኅበሩ ገንዘብ አጥሮት በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ስለ ተዋዋለ ምኒልክ መንገዱ የባዕድ መንግሥት መሣሪያ እንዳይሆን ሰግተው ተቈጡ። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣልያን ደግሞ በ1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ በመካከላቸው ሲዋዋሉ የባቡሩንም ነገር ጨመሩበት። የፊተኛው ማኅበር ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠና አዲስ ማኅበር ቆመ። ሐዲዱም አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. ግንቦት አዲስ አበባ ገባ። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ግን ይህን ሳያዩ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበረ።

የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ዳገቱ ብዙ፥ ድልድዩ ብዙ፥ ጥምዝምዙ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበረ። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ሦስት ቀን ይጓዛል፤ አንዱን ሌሊት በድሬ ዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድራል።

አንባቢ ሆይ፥ የማዕዱ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባቡሩ በሌሊት ስላልሄደ መንገደኛው እራትና መኝታ ፈለገ፤ ስለዚህም በየጣቢያው አጠገብ ቡፌ ተከፈተ። የአዋሹ ቡፌ፥ የድሬ ዳዋው ቡፌ፥ በአዲስ አበባም «ቡፌ ደ ላ ጋር» የተባለው ሁሉ የባቡሩ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች የአውሮፓው ሾርባና የሀገሩ ወጥ በአንድ ወጥ ቤት ተሠራ፤ ሚኒስትሩና ነጋዴው፥ የውጭ አገሩ መልእክተኛና የባቡሩ አለቃ በአንድ አዳራሽ በሉ። ዛሬ አንዳንድ ሰው በአሮጌ የሥራ ሰፈር ምግብ ቤት ሲከፈት ባየ ጊዜ አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። በባቡር ሰፈር ግን ማዕዱ ከሥራው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ቀድሞ ሰው ይበላ የነበረው መንገድ ስላለበት ነው፤ ዛሬ ግን ለመብላት ሲል መንገድ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ጣቢያ ለጊዜው የተሠራ ነበረ። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ግንብ የፈረንሳዊው የፖል ባሪያ ሥራ ነው፤ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱና ንጉሥ ተፈሪ ባሉበት ተመረቀ። ሕዝቡም «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይ ቃል ለአፉ አስማምቶ «ለገሀር» አለው፤ ትርጓሜውም ጣቢያ ማለት ብቻ ነው። የከተማይቱ ረጅም ጐዳና ከላይ ከፒያሳ ወርዶ የሚያርፈው በዚህ ግንብ ፊት ነው። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ጊዜ በጣቢያው ፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ፤ ጣልያንም አገሩን በወረረ ጊዜ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ በስፍራው ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲወጡ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነበረ። እንግዲህ ለገሀር የዕቃ ማውረጃ ብቻ አይደለም፤ የሀገር ደስታና የሀገር ኀዘን ያለፈበት በር ነው።

የባቡሩ ድካም የጀመረው ግን ቀስ በቀስ ነው። የአሰብ ወደብና የመኪና መንገድ ጭነቱን ተሻሙት። በ1969 ዓ.ም. የሶማሌ ጦር በገባ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ፥ መንገዱም ብዙ ወራት ተቈረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ ባቡሩም ኋላ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሀብት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ጥር ደግሞ አንድ የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ጥምዝምዙን በፍጥነት ሲያልፍ ከድልድይ ወድቆ ከ400 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ተብሎ ይቈጠራል። ሐዲዱ አረጀ፥ ፉርጎው ዛገ፥ መለዋወጫው ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር ተመረቀ፤ ነገር ግን ሐዲዱ ሰፋ ያለ፥ መንገዱም ሌላ፥ ጣቢያውም ከከተማ ውጭ ስለ ሆነ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ያለ ሥራ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ «ምን እናድርጋቸው?» የሚለው ነገር መጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሀር ዙሪያ በ36 ሄክታር መሬት ላይ ከዐረብ ኤምሬቶች ኩባንያ ከኢግል ሂልስ ጋር አዲስ ሰፈር ሊሠራ መሆኑ ተነገረ፤ ወጪውም 50 ቢሊዮን ብር ይሆናል ተባለ። አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንዲጠበቅ፥ በሰፈሩ የነበሩትም ሰዎች ከዚያው ሳይርቁ ቤት እንዲሠራላቸው አብሮ ተነገረ። በድሬ ዳዋ ግን ነገሩ ያለ ዐዋጅ የሆነ ነው። የከዚራ ጥላ ያለው ጐዳና ፀሐይ ሲበርድ ሰው የሚንሸራሸርበትና ቡና የሚጠጣበት ሆኗል፤ ሰምቡሳውና ሙሽበኩ ይሸጣል፤ እንግዳም አሮጌውን ጣቢያና የማደሻ ቤቱን መኪናዎች ለማየት ይመጣል።

ሌላው ዓለም ከእኛ በፊት ይህን አይቷልና ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1832 ጉደርሃምና ዎርትስ የተባሉ ሰዎች ያቋቋሙት ሥራ አድጎ ከዓለም ታላላቅ የአረቄ ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። በ1990 ተዘጋ፤ በ2003 ግን የጡቡ ግንብ ሳይነካ ምግብ ቤትና የሥዕል ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ በጐዳናውም ሰው በእግሩ ብቻ እንዲሄድበት ተደረገ። ግንቡ በእውነት ያምራል። ነገር ግን በርሜሉን ሲያንከባልል የኖረው ሠራተኛ የበላውን ምግብ በዚያ ማዕድ ላይ የሚያገኝ የለም። ሰፈሩ ዳነ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ከታሪኩ ወጣ።

ሁለተኛው ምሳሌ በሮማ ከተማ ቴስታቾ የሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ከ1888 እስከ 1891 ታላቅ የከብት ማረጃ ቄራ ተሠራ፤ እስከ 1975ም ሠራ። የቄራው ሠራተኛ ከደመወዙ ከፊሉን የሚቀበለው በሆድ ዕቃ፥ በጅራትና ባለጠጋ በማይፈልገው ብልት ነበረ። ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ወጥ ቤቶች ይህን የተናቀ ሥጋ ቀስ አድርገው አብስለው የሚያስመሰግን ወጥ አደረጉት። ዛሬ ቄራው የሥነ ጥበብ ቤት ሆኗል፤ እንግዳ ወደ ቴስታቾ የሚሄደው ግን ያንኑ የጅራት ወጥ ለመብላት ነው። በዚህ ሰፈር ቅርሱ ግንቡ ብቻ አይደለም፤ የድኻው ሠራተኛ ብልኀት ራሱ በሳህን ላይ ይቀርባል። የሚበላው ሁሉ፥ ባያውቀውም እንኳ፥ ያን ሠራተኛ ያስታውሰዋል።

ከእነዚህ ከሁለቱ የምንማረው ምንድን ነው? የቅርስ ሰፈር ሦስት ዐይነት ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ድንጋዩን፥ ጥበቡንና ሰውን። ድንጋዩን መጠበቅ ከሁሉ ይቀላል፤ ገንዘብ ካለ ይሆናል። ጥበቡን መጠበቅ ይከብዳል፤ የድሬ ዳዋ ሽማግሌ መንኰራኵሩን እንዴት እንዳረቀ ለልጁ ካላስተማረ መኪናው ያለ ቋንቋ እንደ ቀረ መጽሐፍ ይሆናል፤ ሰው ያየዋል እንጂ አያነበውም። ሰውን መጠበቅ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። ሰፈሩ ባማረ ቍጥር ኪራዩ ይወደዳል፤ ኪራዩ በተወደደ ቍጥር ሰፈሩን ያቆመው ሰው ይወጣል። ያን ጊዜ ቅርሱ የሞተ ሰው ልብስ እንደ ማሳየት ይሆናል።

ደግሞም ኀዘኑ አብሮ ካልተጠበቀ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። በባቡር ሰፈር ቡና የሚጠጣ ሰው የቡፌውን ጮማ ብቻ ቢሰማ ያደላ ታሪክ ሰማ። በበረሃው በጥማትና በበሽታ ያለቁትን መንገድ ሠራተኞች፥ ሐዲዱ በመሬታቸው ሲያልፍ የተቃወሙትን አርብቶ አደሮች፥ በአዋሽ ድልድይ የወደቁትንም መስማት ይገባዋል። ጣቢያ የመገናኛና የመለያያ ስፍራ ነው፤ ሁለቱንም ካላሳየ ጣቢያ አይባልም።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ወላይታ ሐዲድ ባይገባባትም ልጆቿ ከባቡሩ አገር ርቀው አያውቁም። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በተከፈተ ጊዜ፥ ኋላም በአዋሽ ሸለቆ እርሻው ሲስፋፋ፥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው ሸንኰራ ለመቍረጥ ወደዚያ ሄደ። የእነዚያ ሰዎች ታሪክ በማንም ግንብ ላይ አልተቀረጸም። በዘመናችን የወንጂ አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ስፍራቸውን ለአዲሱ ለቀዋል፤ እንግዲህ በዚያ አንድ ቀን የቅርስ ሰፈር የሚሠራ ቢኖር፥ የሆላንዱ ሹም ቤት ብቻ ሳይሆን የወላይታው ሸንኰራ ቈራጭ ማደሪያም እንዲታሰብ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

በኦፋ ያለችው ገሱባስ? ገሱባ ፋብሪካ ያቆማት ከተማ አይደለችም፤ ነገር ግን ሥራ የሌለበት ገበያ የለም። ገበያን የሚያቆሙት ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው ናቸው። የወላይታ ማዕድ ዛሬ በሶዶም በአዲስ አበባም የተመሰገነ ነው፤ ጥሬ ሥጋውን በዳታ በርበሬ፥ እንሰቱን በቅቤ ሊበላ ብዙ ሰው ይመጣል፤ በጊፋታ በዓልም ቤት ሁሉ ይሞላል። ይሁን እንጂ እንሰቱ የሚፋቀው በሴቶች ድካም ነው፤ ሥጋው የሚቈረጠው ብረት ቀጥቃጩ በሠራው ቢላዋ ነው፤ ወጡም የሚበስለው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ፥ በወላይታም እንደ ብዙው ደቡብ አገር ሸክላ ሠሪው፥ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ሲናቁ ኖረዋል። ድስታቸው ቤት ይገባ ነበረ፤ እነርሱ ግን ከደጅ ይቆሙ ነበረ፤ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ መብላትና መጋባት ተከልክለው ነበረ። እንግዲህ ስለ ቅርስና ስለ ማዕድ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ላይ ነው። ከተማይቱ ነገ አምራ እንግዳ የምትቀበል ብትሆን፥ ድስቱ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ሸክላ ሠሪዋ እንደ ቀድሞው ከደጅ የምትቆም ከሆነ፥ የተጠበቀው ቅርስ ሳይሆን ንቀቱ ነው። እርሷ ግን በገበታው ላይ ከተቀመጠችና ጥበቧ በስሟ ከተጠራ፥ የፈረሰ ነገር ሳይኖር የቅርስ ሰፈር ተሠራ ማለት ነው።

ገሱባ በዚህ ነገር ከለገሀር የምትሻልበት አንድ ምክንያት አላት፤ ጊዜዋ ገና አላለፈም። በለገሀር ባቡሩ ከቆመ በኋላ ነው የሚያስታውስ ሰው የተፈለገው። በገሱባ ግን ሥራው ገና በሰው እጅ ላይ ነው። የገበያው ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ጠይቆ መጻፍ፥ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በወላይትኛ መመዝገብ፥ ልጆችን ወደ ሠሪዎቹ ቤት ወስዶ ማሳየት የ50 ቢሊዮን ብር ሥራ አይደለም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። የትምህርት ቤቱ መምህር ሊጀምረው ይችላል፤ ጐልማሶችም ሊያግዙት ይችላሉ። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባትም ከገበያው ዳር ድስቷን ደርድራ የተቀመጠችው ሴት ናት።